የሳጥን ሠሪው ባለቤት

ሳጥን ሠሪው መታየት የሚወድ ሰው ነበር። ሱቁ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ብረት ሠራተኞች በተደረደሩበት መደዳ መሃል ላይ ናት። ወደ ውስጥ በቂ ቦታ እያለው በሩ ላይ ወጥቶ፣ ግማሽ አካሉን ለመንገዱ ሰጥቶ ነበር የሚቀጠቅጠው። ከመዶሻ ድምፅ በላይ ማውራት ስለለመደ፣ መዶሻው ባረፈበት ሰዓትም ድምፁ አይወርድም። ጎረቤቱ ቁልፍ ሠሪው፣ «የሱን ምስጢር ለመስማት ጆሮ አያስፈልግም፤ ላለመስማት ነው እግር የሚያስፈልገው» ይል ነበር።

ሙያውን ከአጎቱ ነው የወረሰው። ላሜራ ቆርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ፣ ማዕዘኑን በይዶ፣ መቀርቀሪያ ገጥሞ ሳጥን ያወጣል። ሩቅ ቦታ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ፣ አዲስ ጎጆ የምትወጣ ሙሽራ፣ ዕቃዋን ከምራቷ ዓይን የምትሸሽግ አማት፣ ሁሉም እሱ ጋ ይመጣሉ። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ይህን ማንም አይክደውም። እሱ ራሱም አይክደውም፤ እንዲያውም ሳያነሳው የሚውልበት ቀን አልነበረም።

ቀለሙን የምትቀባው ሚስቱ ነበረች። ሱቁን ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በሚያገናኘው ጠባብ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ፣ ክዳኑ ላይ ወፍ፣ ሐረግ፣ አንዳንዴም የትም ያልበቀለ አበባ ትስላለች። ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው፤ «እስቲ ያቺን ባለወፏን» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሳጥን ሠሪው ግን ክዳኑን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ «ብረቱን ስማው» ይላል። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች የጠየቀ ካለ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ «ባለቤቴ ናት፤ ትረዳኛለች።» እሷ ብዙ አትናገርም። ዝም ማለቷን እሱ እንደ መስማማት ቆጠረው። በዚህ ዓይነት ልጅ ወለዱ፣ ልጅቷም አድጋ ትምህርት ቤት ገባች።

ነገሩ የመጣው ከዩኒቨርሲቲው ነው። የምህንድስና ክፍል መምህራን በእግር እየረገጡ ላሜራ የሚያጥፉበት ማሽን ሠሩ። የክንድ ጉልበት አይፈልግም፤ የሰውነት ክብደት ይበቃዋል። ለሴቶች ወርክሾፕ በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሌሎቹን ክፍሎች ጠሩ። የንግድ ሥራ ክፍሉ ገበያው ሰፋ ወይስ ባለበት ቀረ ብሎ ይከታተላል። የሥርዓተ ጾታ ጥናት ክፍሉ እቤት ውስጥ ማን ይወስናል፣ ማን ያርፋል፣ ማን ያጥባል ብሎ ይጠይቃል። የስታቲስቲክስ መምህርቷ ማሽኑ ለማን እንደሚደርስ በዕጣ ትለያለች፤ ከዚያ የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ጎን ለጎን አስቀምጣ ልዩነቱን ታሰላለች። ይህ ሁሉ በሰፈሩ አዳራሽ በተጠራ ስብሰባ ላይ ተነገረ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ብቻ ነበር፤ የወርክሾፑ ባለቤት ሴት መሆን አለባት።

ሳጥን ሠሪው ከስብሰባው የወጣው ዓይኑ በርቶ ነው። ብዙም ሳይቆይ የንግድ ፈቃዱን በሚስቱ ስም ለማዞር ተነሳ። ወረቀቱን ይዞላት ሲመጣ ክዳን እየቀባች ነበር።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት።

«ምንድን ነው?»

«ለሥራ ነው።»

«የምን ሥራ?»

«የኛ ሥራ ነዋ። አንቺ ምን ትመራመሪያለሽ፤ ተመራማሪዎቹ እነሱ ናቸው» ብሎ በገዛ ቀልዱ ሳቀ።

ብሩሹን አስቀምጣ፣ ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠርጋ ፈረመች።

ሳጥን ሠሪው ይህን ብልሃት በሆዱ ይዞ መቆየት አልሆነለትም። «ባለቤቱ ማን ነው ሲሉኝ፣ ባለቤቴ ናት ባለቤቱ አልኳቸው» እያለ ለመደዳው ሁሉ አወራ። ሰዉ ሳቀ። ከሳቁት ውስጥ ሦስት ባለወርክሾፖች ግን ወደ ጎን ጠርተው አካሄዱን ጠየቁት። እሱም መጠየቁን እንደ ክብር ቆጥሮ፣ የትኛው ቢሮ መቼ እንደሚከፈት ሳይቀር አስረዳቸው። እነሱም እንዳስረዳቸው አደረጉ።

ዕጣው ወጣና ማሽኑ ለሳጥን ሠሪው ሚስት ደረሳት። ሥልጠናው ለወርክሾፑ ባለቤት ብቻ ነበር። እሱ በሷ ቦታ ልግባ ብሎ ከአሠልጣኙ መሐንዲስ ጋር ተከራክሮ ነበር፤ መሐንዲሱ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ «እርስዎ በሥራው ውስጥ ምን ነዎት?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ወጥቶ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ሚስቱ እጇ ግራሶ ጠጥቶ፣ ፊቷ ላይ እሱ የማያውቀው ነገር ይዛ ወጣች። ያን ቀን እራት ላይ፣ ላሜራው ሳይሰነጠቅ ምን ያህል ድረስ መታጠፍ እንደሚችል ስትነግረው እሱ ዳቦ ይቆርስ ነበር። «እሺ፣ እሺ» አለ። ልጅቷ ናት የሰማቻት።

ማሽኑ ሱቁ ውስጥ ተተከለ። እሱ ቆርጦ ያቀብላል፣ እሷ ታጥፋለች፣ እሱ ይበይዳል፣ ቀለሙንም ያው እሷ ትቀባለች። የሳጥኖቹ ጠርዝ እንደ ክር ቀጥ አለ። ገበያው ጨመረ። እሱም በር ላይ ቆሞ ማውራቱን ቀጠለ።

ከዚያ ጠያቂዎቹ የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ሳጥን ሠሪው ሚስቱን አስቀምጦ አስጠናት።

«ማን ይወስናል ካሉሽ፣ እኔ ነኝ በይ።»

«እሺ።»

«ባልሽ ምን ያደርጋል ካሉሽ፣ ያግዘኛል በይ።»

«በምን በምን?»

«በሁሉም ነዋ። አንቺ ደግሞ፤ ጨምሪበት እንጂ።»

የመጣችው ጠያቂ የሥርዓተ ጾታ ጥናት ተማሪ ነበረች፤ ትሑት፣ ድምፅ መቅረጫ የያዘች ወጣት። ሳጥን ሠሪውን «ጋሼ፣ ይቅርታዎን፤ ከሳቸው ጋር ብቻችንን ብንሆን» አለችው። «ምን ችግር አለው» ብሎ ወጣ። ወጥቶ ግን ሩቅ አልሄደም። ግቢውን ከሱቁ ከሚለየው ቆርቆሮ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ላሜራ የሚመርጥ መስሎ ጆሮውን ጣለ። ትምህርቱን ምን ያህል እንደያዘችለት ማወቅ ፈልጎ ነበር።

ሚስቱ መጀመሪያ በአጭር በአጭሩ መለሰች። ማን ይወስናል ስትባል እኔ ነኝ አለች። ከዚያ ጠያቂዋ ስለ ባሏ ጠየቀቻት።

«ጠዋት ከኔ ቀድሞ ይነሳል» አለች ሚስቱ። «ውሃ ይጥዳል። የልጅቷን ጸጉር ያበጥራል፤ መጀመሪያ ያሳምማት ነበር፣ አሁን እጁ ለምዷል። ገዢ ሲመጣ፣ ሥዕሉ የሷ ነው፣ ብሎ ይነግርልኛል። ከሥራ ስንገባ ደግሞ፣ ደክሞሻል? ይለኛል። ጠይቆኝ ዝም ብሎ አይሄድም። መልሴን ይጠብቃል።»

ሳጥን ሠሪው አፉን በመዳፉ አፍኖ ሳቀ። እንዲህ መዋሸት ትችላለች ብሎ አስቦ አያውቅም። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ ደረቀ። ለጠያቂ ተብሎ በችኮላ የተፈጠረ ባል እንዲህ ዝርዝር አይኖረውም። የልጁን ጸጉር እንዴት እንደሚያበጥር፣ መጀመሪያ እንዳላወቀበት፣ ኋላ እንደለመደ አይታወቅም። ይህ ሰውዬ ዛሬ የተፈጠረ አልነበረም። ስንት ዓመት ሙሉ እዚያው ቤት፣ ከሱ ሚስት ጋር፣ እሱ ሳያውቀው ሲኖር የቆየ ሰው ነው። ሳጥን ሠሪው ፊቱ ተለበለበ። የያዘውን ላሜራ ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ ድምፅ ሳያሰማ ወደ መንገዱ ወጣ።

ቢሆንም ምንም አላደረገም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያለ ቆየ። የተለወጠው አንድ ነገር ቢኖር የዩኒቨርሲቲው መኪና የምትመጣበት ቀን ነው። ጠያቂዎቹ አንዳንዴ ሳይናገሩ ይመጣሉ። ልጅቷ ነጯን መኪና ከመታጠፊያው ላይ ስታይ ሮጣ «አባዬ፣ መጡ» ትለዋለች፤ እሱም መዶሻውን ጥሎ የልብስ ማጠቢያ ሳፋው ላይ ይጎነበሳል። ሲደርሱ ክንዱ እስከ ክርኑ ሳሙና ነው። «ኧረ ጋሼ፣ በርቱ» ይሉታል። እሱም «ምን ላድርግ፣ እሷ ሥራ በዝቶባታል» ይላል። መኪናዋ ስትሄድ እጁን ያደርቅና ይነሳል፤ የቀረውን ልብስ ሚስቱ ትጨርሰዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ከቁልፍ ሠሪው ልጅ ጋር ግቢ ውስጥ እቃቃ ትጫወት ነበር። እሷ እናት ናት፤ ልጁ አባት ነው። ልጁ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ልጅቷ ድንገት «መኪናዋ መጣች» አለች። ልጁ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። «ተነስና እጠባ» አለችው እየተቆጣች፤ «ሲሄዱ ደግሞ ትቀመጣለህ።» ልጁ ተነስቶ ባዶ ጣሳ ያሽ ጀመር። ሳጥን ሠሪው ይህን ከበሩ ላይ ሆኖ አየ። አብሮት የሚስቅ ሰው ፈልጎ ዞር ሲል፣ ሚስቱ ከማሽኑ አጠገብ ቆማ እሷም ልጆቹን ታያለች። አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ጥናቱ ሲያልቅ ሁሉም በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ተጠሩ። ከዚያ በፊት ለሳጥን ሠሪው መልእክት መጥቶለት ነበር፤ መድረክ ላይ ሁለት ቃል እንዲናገር ይፈለጋል። ከቁልፍ ሠሪው ኮት ተዋሰ። እጅጌው አጠረው፤ ቢሆንም ለበሰው።

የስታቲስቲክስ መምህርቷ ወጥታ ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮች በቀላል አነጋገር አስረዳች። ማሽኑ የደረሳቸው ሴቶች ሥራቸው ሰፍቷል፤ ይሄ ደስ ይላል። ነገር ግን ከቤት ሥራቸው ላይ የተቀነሰ ነገር የለም ማለት ይቻላል። «ትርፍ ሰዓቱን ከየት አመጡት ብላችሁ ብትጠይቁኝ» አለች፣ «ከእንቅልፋቸው ነው።» ቀጥላም፣ ጥቂት ቤቶች ከዚህ እንደሚለዩ፣ ከነሱም አንዱ ከሁሉም ርቆ ለብቻው እንደቆመ አሳየች። ከላይ ዳር ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ነበረች። ሳጥን ሠሪው ነጥቧን አይቶ የሱ ቤት እንደሆነች ወዲያው ገባው።

መድረክ መሪው «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እስቲ ይህን ሞዴል ባል እናመስግነው» ብሎ ጠራው። ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ፊት መቆም የሚወደው ሰው ማይኩ ሲሰጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«እንዴት ነው የጀመሩት?» ተባለ።

የሚናገረው ፈለገ። ስለ ልብስ ማጠብ፣ ስለ ልጅ ማሳደግ የራሱ የሆነ አንድ ቃል አልነበረውም። አፉ ላይ የመጣለት ከቆርቆሮው ጀርባ የሰማው ብቻ ነው። እሱኑ ተናገረ። ቀድሜ እነሳለሁ አለ። ውሃ እጥዳለሁ አለ። የልጄን ጸጉር አበጥራለሁ፤ መጀመሪያ አሳምማት ነበር አለ። «ስንገባ፣ ደክሞሻል? እላታለሁ። መልሷን እጠብቃለሁ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ፊት መቀመጫ ላይ ያለች ሴት ባሏን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ሳጥን ሠሪው ሚስቱን ፈለጋት። በመሐንዲሱና በጠያቂዋ መሃል ተቀምጣለች። ሁለቱም ያጨበጭባሉ። የሷ እጆች ጭኗ ላይ ናቸው።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ እሷ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ከመንገዱ ግማሽ በላይ ሲሄዱ ነው የተናገረችው።

«ያንን ከየት አመጣኸው?»

«የቱን?»

«መልሷን እጠብቃለሁ ያልከውን።»

ፊቱን ወደ መተላለፊያው አዞረ።

«ከቆርቆሮው ጀርባ ነበርክ» አለች።

«ድንገት ነው የሰማሁት፤ ላሜራ ልወስድ ስሄድ…»

«ሰምተህ ነበር እንግዲህ።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። መስኮቱን እያየች ቆየችና፣ «እኔኮ፣ ስለማያውቅ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው» አለች።

ሳጥን ሠሪው እስኪወርዱ ድረስ የኮቱን አጭር እጅጌ ወደ ታች እየጎተተ ሄደ። ብትቆጣው፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

መደዳው ውስጥ «ሞዴሉ» የሚል ስም ወጣለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ይሄኛውን ግን በደንብ ሰማው። ሴቶቹ ባሎቻቸውን «እስቲ ሞዴሉን እዩ» ይላሉ። እነዚያ ሦስት ባለወርክሾፖች ሲያገኙት በአሽሙር እጅ ይነሱታል። እሱ በር ላይ መቀመጡን ተወ። መዶሻውንም ይዞ ወደ ውስጥ፣ ከመንገዱ ወደማይታይበት ጥግ ገባ። ቁልፍ ሠሪው አንድ ሁለቴ ብቅ ብሎ «አሞሃል እንዴ?» አለው። «ደህና ነኝ» ሲል ድምፁ ዝቅ ያለ ስለነበር ሰውዬው ይበልጥ ደነገጠ።

በመጨረሻ መሸከም አቃተው። አንድ ጠዋት ለማንም ሳይናገር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዶ የስታቲስቲክስ መምህርቷን ቢሮ አጠያየቀ። ጠባብ ክፍል ናት፤ ወንበሮቹ ላይ ወረቀት ተቆልሏል። አንዱን ጠርጋ አስቀመጠችው።

«ዶክተር፣ እኔ ያ ሰው አይደለሁም» አለ።

«የትኛው ሰው?»

«መድረክ ላይ የወጣው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት፤ ፈቃዱን፣ ፊርማውን፣ ማስጠናቱን፣ ሳፋውን። መነጽሯን አውልቃ ሰማችው።

«ባለቤትዎ የዋሹን ለምንድን ነው?»

«እሷ አይደለችም የዋሸችው። እኔ ነኝ ያስዋሸኋት።»

«እንደ እርስዎ ያደረጉ ሌሎች አሉ?»

ሦስቱ ሰዎች ዓይኑ ላይ ድቅን አሉ። የትኛው ቢሮ መቼ እንደሚከፈት ሲነግራቸው ትዝ አለው። «አላውቅም» አለ። አንዱን ውሸት ሊያራግፍ መጥቶ ሌላ ሲጭን ራሱን ሰማው።

መምህርቷ መነጽሯን መልሳ አጠለቀች። «ጋሼ፣ አንድ ቤት ብቻ ከሆነ ከመረጃው አውጥቼ እጥለዋለሁ፤ ውጤቱ ንቅንቅ አይልም» አለች። ስታጽናናው ነበር፤ እሱ ግን ያ ሁሉ ውርደት ሚዛን ላይ ምንም እንደማይከብድ ሲሰማ ይበልጥ ሽምቅቅ አለ። «ብዙ ከሆኑ ግን፣ አረፉ ያልናቸው ሴቶች አላረፉም ማለት ነው። ይህን ይዘን ደግሞ ለሌሎች እንመክራለን።» ከዚያ ጠየቀችው፤ «ባለቤትዎ እዚህ መምጣትዎን ያውቃሉ?»

ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«በጥናቱ ውስጥ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እርስዎ አይደሉም። መናገርም አለመናገርም የሳቸው ነበር።»

ተነስቶ ወጣ። ኮሪደሩ ጫፍ ከደረሰ በኋላ ተመልሶ መጣና ከበሩ ላይ ሳይገባ፣ «ሦስት አሉ። ስማቸውን አልናገርም፤ ግን ሦስት አሉ» አለ። እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ለሚስቱ ሊነግራት አሰበ። ምሳ ላይ አሰበ፣ እራት ላይ አሰበ፣ ቀኑ እንዲሁ አለፈ። ሳይነግራት የጭነት መኪናው መጣ። እሷ ማሽኑ ላይ ነበረች። መሐንዲሱ ራሱ ከመኪናው ወርዶ፣ ቆቡን እጁ ላይ እያሻሸ ገባ።

«እህቴ፣ የጥናቱ ኮሚቴ ውሳኔ ነው፤ እኔ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።»

«የምኑ ውሳኔ?»

መሐንዲሱ ወደ ሳጥን ሠሪው ዞረ። «አልነገሯቸውም እንዴ?»

መደዳው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። ሚስቱ ባሏን አንዴ አየችው፤ ሌላ ነገር ሳይነገራት የገባት ይመስላል። ጨርቅ አንስታ የማሽኑን መርገጫ፣ ምላጩን፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ጠረገች። ማንም አላቋረጣትም። ጠርጋ ስትጨርስ «ውሰዱት» ብላ ወደ ቤት ገባች። ሳጥን ሠሪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ተከትሏት ገባ።

«ልነግርሽ ነበር» አለ።

«ስታስፈርመኝ አልጠየቅከኝም። ስትናገርልኝም አልጠየቅከኝም። ውሸቱም ያንተ፣ ንስሐውም ያንተ። የኔ የቱ ነው?»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም ቀና አላለችም።

በማግስቱ ሚስቱ ጥሩ ልብሷን ለብሳ ብቻዋን ወጣች። የት እንደምትሄድ አልጠየቃትም፤ ለመጠየቅ መብት ያለው አልመሰለውም። ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ውሃ ጠጣችና፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረችው። መምህርቷ ዘንድ ሄዳለች። ከጠያቂዋም ጋር እንደ አዲስ ቁጭ ብለዋል። «የትኛው ውሸት፣ የትኛው ምኞት እንደሆነ ለይቼ ነገርኳቸው» አለች። ማሽኑ በዕጣው ተራ ለደረሳት ለሌላ ሴት ተሰጥቷል፤ ከገበያው ማዶ ባልዲና ማሰሮ ክዳን የምትሠራ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ማሽኑን አታውቀውም። መሐንዲሱ፣ የምታሠለጥናት አንቺ ብትሆኚ፣ ብሎ ለመናት። ሁለቱ ሴቶች ተገናኝተው ተግባብተዋል።

«እዚያ እሠራለሁ» አለች።

«እሺ።»

«የዚህ ሱቅ ፈቃድ ደግሞ በስሜ ነው። በስሜ ይቆያል።»

«እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለሱ ረጅም ነበር። ሳጥን ይሠራል፤ ክዳኑ ግን ባዶ ነው። ገዢ ይመጣና «ባለወፏ የለችም?» ይላል። «ሥዕሉ የባለቤቴ ነበር» ይላል፤ ዘግይቶም ቢሆን አለው። ገዢው ባዶውን ሳጥን አገላብጦ አይቶ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ከሦስቱ ባለወርክሾፖች ሁለቱ ከሚስቶቻቸው ጋር ሄደው እውነቱን እንደተናገሩ ተሰማ። ሦስተኛው ሰላምታ ነሳው። የጥናቱ መጽሐፍ ሲታተም ቁልፍ ሠሪው ከየት እንዳገኘው እንጃ አምጥቶ አሳየው። ስክሪኑ ላይ የነበረው ሥዕል አለ፤ ከላይ ዳር ላይ ያለችው ነጥብ የለችም።

ልብስ ያጥባል አሁን፤ መኪና ባይመጣም። የልጅቷን ጸጉር ማበጠር ሞከረ፤ መጀመሪያ አሳመማት፤ አሁንም ያሳምማታል። የማይሆንለት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሚስቱ ከሥራ ገብታ እግሯን እያሸች ስትቀመጥ፣ ደክሞሻል? ሊላት አፉን ይከፍታል፤ ቃሉ ግን አይወጣም። መቶ ሰው ፊት ተናግሮ አጨብጭበውበታል፤ አሁን ቢለው ለጭብጨባ የሚል ይመስለዋል። ስለዚህ ውሃ አሙቆ በሳፋ አጠገቧ ያስቀምጥና ወደ ግቢው ይወጣል። አንዳንድ ቀን እግሯን ትነክርበታለች። አንዳንድ ቀን ውሃው እንደተቀመጠ ይቀዘቅዛል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ከአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ትልቅ ትእዛዝ አገኙ፤ ለተማሪዎቹ ሳጥን። ሳጥን ባሏ የሞተባት ሴት ሠርታ አታውቅም። ሚስቱ እራት ላይ ሹካዋን አስቀምጣ፣ «ማዕዘን የሚበይድ ሰው ያስፈልገናል» አለች። «ባለወርክሾፗን ጠይቄያታለሁ፤ ይምጣ ብላለች። ትመጣለህ?»

እንዲህ ጠይቃው አታውቅም። እሱም ጠይቋት አያውቅም። «እመጣለሁ» አለ።

ጠዋት አብረው ሄዱ። ባለወርክሾፗ ሰፊ ፊት ያላት፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። «እንኳን ደህና መጡ» ብላ የሚሠራበትን ጥግ አሳየችው። ሲበይድ አረፈደ። ከምሳ በኋላ ሚስቱ ቀለም ልታዘጋጅ ስትነሳ ማሽኑ ባዶ ቀረ። እሱም የታጠፈ ላሜራ አልቆበት ቆመ።

«እኔ ልሞክረው?» አላት።

እጇን አደራረቀችና መጣች። የግራ እግሩን የት እንደሚያደርግ፣ ክብደቱን መቼ እንደሚለቅ ነገረችው። ሰማት፤ ቃል በቃል ሰማት። ረገጠ። ጠርዙ ተንጋዶ ወጣ። ባለወርክሾፗ አየች፤ ሚስቱም አየች። አንዳቸውም አልሳቁም፤ ያ ነው ይበልጥ የከበደው። ላብ በግንባሩ ወረደ። እሷ የተበላሸውን ላሜራ አውጥታ ጎን አስቀመጠችና ሌላ አቀበለችው።

«ቸኮልክ» አለች። «እንደገና።»

ላሜራውን አስተካክሎ አስገባና እግሩን አነሳ።